በጠመኔ የጻፍኩት አብሰንት

ሬዲዮዬ ባለፈው እሑድ መዝሙር እያሰማኝ ሳለ እንደ ደከመ ሰው ድምፁን ጎተተና ዝም አለ። ጀርባውን ከፍቼ ባየው ከሁለቱ ባትሪ ድንጋዮች አንደኛው አብጦ፣ ልባሱ ተሰንጥቆ፣ ጥቁር ዱቄቱ ወጥቶ ሽቦው ላይ ተጋግሯል። በጨርቅ ልጠርገው ሳሻሸው ያ ሽታ ተነሣ፤ የዛገ ብረት፣ የረጠበ ከሰልና ምላስ ቆንጠጥ የሚያደርግ አንዳች ነገር የተደባለቁበት ሽታ ነው። ሞላሌ ላይ በቤቴ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቅኩ ነበር፤ ዕድሜዬም ሰባን ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ በአፍንጫዬ የገባው ግን ያ ድሮ የተማርኩበት ክፍል፣ ዓርብ ከሰዓቱ፣ ጥቁር ሰሌዳ የምንቀባበት ሰዓት ነው።

የልጅ ልጄ ሜሮን ከጎኔ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና አንጥፋ፣ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ስልኳን ትነካካ ነበር። እናቷ ደብረ ብርሃን ሥራ ላይ ስለሆነች እኔ ዘንድ እየኖረች ስምንተኛ ክፍል ትማራለች። የእንግሊዝኛ መምህሯ የሰጣቸው የቤት ሥራ አስቸግሯታል፤ በቤታችሁ የሚነገር አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ምረጡና ትርጉሙን፣ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደሚነገር ጽፋችሁ አምጡ ብሏቸዋል። ጓደኞቿ «ቻርጀር»ንም «ካርድ»ንም ቀድመው መርጠውባታል።

«እማማ፣ እርስዎ የሚያውቁት የእንግሊዝኛ ቃል የለም?» አለችኝ፣ ለወጉ ያህል።

«አብሰንት» አልኳት።

ሳቀች። «ይሄማ የትምህርት ቤት ነው። የቤት ቃል ነው የተባልነው።»

«እኔ ቤት ሲገባ አንቺም እናትሽም አልተወለዳችሁም። ጻፊው።»

ጻፈችው። ትርጉሙን ለመጻፍ ማንንም አልጠየቀችም፤ የቀረ፣ ያልተገኘ ብላ አንድ መስመር አስቀመጠች። ከየት እንደመጣ ደግሞ ስልኳ እስኪነግራት ድረስ ኔትወርኩን እየረገመች ትጠብቅ ጀመር። እኔ ጥቁር ዱቄቱን ከጣቴ ማራገፍ ያዝኩ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ የት እንደደረሰ ግን አውቃለሁ።

ትምህርት ቤታችን ከቀየት ወዲያ ባለች መንደር፣ ነፋስ የማያጣው ሜዳ ላይ የቆመ አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ግድግዳውን አባቶቻችን በድንጋይ ሠርተውት ጣራውን በጓሳ ሣር ከድነውታል፤ ውርጭ ባደረ ጠዋት ሣሩ ላይ ያለው በረዶ ሲቀልጥ በአንገታችን ይንጠባጠብ ነበር። ወንበር ብሎ ነገር አልነበረም፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ በረድፍ ተደርድሮ እያንዳንዳችን ከቤታችን ያመጣነውን አጎዛ አንጥፈንበት እንቀመጣለን። ማን የት እንደሚቀመጥ በአጎዛው ይታወቃል፤ የእኔ ጥቁር፣ የጎረቤቴ የእታለማሁ ደግሞ ነጭ ሆኖ ጠርዙን አይጥ የበላው ነበር። ድንጋዩ ጥቂት ስለሆነና መማር የፈለገው ልጅ ብዙ ስለነበር፣ ተራ የሚጠብቁት ከግድግዳው ውጪ ቆመው በመስኮቱ ቀዳዳ ያዳምጡ ነበር። ስሙ ከመዝገብ የተሰረዘ ልጅ አጎዛውን ጠቅልሎ ሲወጣ፣ ከውጪ ካሉት ተረኛው የራሱን ይዞ ይገባል። ድንጋዩ ሳይቀዘቅዝ፣ እንል ነበር ስንቀልድ።

ሁለት ጥቁር ሰሌዳ ነበረን። ትልቁ ከፊት ለፊት መምህሩ የሚጽፉበት፣ ትንሹ በሩ ሥር የተሰቀለ፣ ከሳጥን ጣውላ የተሠራ ነው። ቀለም የሚገዛልን ስላልነበረ በየመንደሩ ሬዲዮ ካለው ሰው የሞተ ባትሪ ድንጋይ ለምነን፣ ሰብረን፣ የውስጡን ጥቁር በድንጋይ ፈጭተን፣ ቅጠል ጨምቀን በውሃው እያቦካን ሁለቱንም ሰሌዳ ዓርብ ዓርብ እንቀባለን። እጃችን እስከ ክንዳችን ይጠቁራል፤ እናቶቻችን ሰኞ ድረስ ሊጥ አያስነኩንም። ይህን ማዕረግ አድርገን የያዝነው ብዙ ነበርን፤ ዓርብን የምንወዳት ቅዳሜ ከእንስራም ከወፍጮም ስለምታስጥለን ነው።

መምህራችን መምህር አበራ ከከተማ የመጡ ቀጭን፣ ብርድ የማይችሉ፣ በጋቢ ላይ ካፖርት የሚደርቡ ሰው ነበሩ። በመጡ በወሩ አንድ ቀን የቀለም ብልቃጣቸው ተደፋ፤ ማን እንደደፋው የሚናገር ሲጠፋ እኔ ያለሁበትን ረድፍ በሙሉ በልምጭ ሁለት ሁለት ገረፉን። ተገርፌ ስጨርስ ቦታዬ አልተቀመጥኩም። ያላጠፋ ከተገረፈ ያጠፋው ከእኔ በምን ተለየ፤ ወይ ሁለቱን ልምጭ ይመልሱልኝ ወይ ያጠፋውን ፈልገው ይጨምሩለት አልኳቸው።  እሳቸው «ልምጭ እንዴት ይመለሳል?» አሉ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ መምህሩ እርስዎ ነዎት» አልኩ። ሳቃቸውን በካፖርታቸው ኮሌታ ሸፈኑት። በማግሥቱ ጠመኔ ሰጡኝና የክፍሉ አለቃ አደረጉኝ፤ የእኔ ሥራ ጠዋት ጠዋት ስም መጥራት ሆነ።

እንዲህ ነበር የሚደረገው። ደወሉ፣ ደወል የምንለው የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው፣ እንደተመታ እኔ በትንሹ ሰሌዳ አጠገብ ቆሜ የሁላችንንም ስም በቃሌ እጠራለሁ። ያለ «ፕረዘንት» ይላል። የሌለ ከሆነ ክፍሉ በአንድ አፍ «አብሰንት» ይልለታል፤ እኔም ስሙን ጽፌ ከጎኑ ኤ የምትባለዋን ፊደል አደርጋለሁ። ጎጆ ትመስል ነበር፤ ሁለት ግድግዳ ተደግፎ መሐል ላይ ማገር። መምህሩ እኩለ ቀን ላይ መዝገባቸውን ይዘው መጥተው ከሰሌዳው ላይ በቀለም ይገለብጡታል። በመንፈቅ አሥር ኤ የሞላበት ልጅ ይሰረዛል። ስሙ ተጠርቶ ካለፈ በኋላ የደረሰም እንደቀረ ይቆጠራል። ደንቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ያጠበቅኩት ግን እኔ ነኝ። ከውጪ የሚንቀጠቀጡትን ተረኞች ስለማይ ትክክል መሰለኝ። አንድ ቀን ወንዙ ሞልቶብኝ ዘግይቼ ስደርስ፣ በእኔ ቦታ ስም የጠራው ልጅ ፈርቶ ትቶኝ አገኘሁት። ጠመኔውን ተቀብዬ የገዛ ስሜን ጻፍኩና ኤ አደረግኩበት። ክፍሉ አጨበጨበልኝ። ያ ጭብጨባ ለብዙ ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

ቃሉም ከእኛ ጋር በየቤቱ ገባ። አባቴ ፊደል አያውቅም፤ በደቦ ቀን ግን የጎረቤቶቹን ስም ሲጠራ ያልመጣውን ሰው «አብሰንት» ብሎ ያልፈው ጀመር፣ ያም ሰው ማምሻውን ይህ ስድብ ምንድነው ብሎ ሊጣላው ይመጣል። መሪጌታው ዲያቆኑ እንቅልፍ ሲጥለው፣ እናቴ ዶሮዋ ቆጥ ላይ ሳትወጣ ሲመሽ፣ ሁሉም ይችኑ ቃል ነበር የሚሉት። የበልጉ ዝናብ የዘገየ ዓመት አባቴ ማሳው ዳር ቆሞ ሰማዩን ቀና ብሎ አየና «አብሰንት» አለ፤ ወደ ቤትም ገባ። እንግሊዝኛ ተናገርኩ አላለም። ገብስ እንደማለት ነበር ለእሱ።

እታለማሁ ጎረቤቴ፣ እኩያዬ፣ ከእኔ በቁመት የምትበልጥ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትይዝ ልጅ ነበረች። አባቷ የሞተው ሁለተኛ ክፍል ሳለን ነው። ከመሞቱ በፊት የነፍስ አባቱን አስጠርቶ፣ ሽማግሌ ባለበት አንድ ቃል ተናዞ ነበር፤ ልጄ ስሟ በትምህርት ቤቱ መዝገብ እስካለ ድረስ ለባል እንዳትሰጥ ብሎ። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ኑዛዜ ደግሞ በእኛ አገር የሚቀለድበት ነገር አይደለም፤ የሞተ ሰው ቃል ሲፈርስ ቄሱ ከዚያ ቤት ጠበል አይቀምሱም። እናቷ እትዬ ባፈና መበለት ሆነው፣ በሬ የሌለው እርሻ ይዘው፣ የበግ ፀጉር እየፈተሉ ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ። ከመርሐቤቴ የተላከ ሽማግሌ ልጅቷን ለትዳር ሲጠይቃቸው፣ ጥንድ በሬም በስጦታ አብሮ ሲነሣ፣ እሺ ማለት አልቻሉም። ስሟ መዝገብ ላይ ነበር። እንቢም አላሉም።

አራተኛ ክፍል ገባን። ከጥምቀት በኋላ እታለማሁ መቅረት ጀመረች። አንድ ቀን እናቷ አሟቸው ነው፣ አንድ ቀን የተፈተለው ፀጉር ለሸማኔ መድረስ አለበት፣ አንድ ቀን ታናሽ ወንድሟን የሚይዝ የለም። እኔ ስሟን እጠራለሁ፣ ክፍሉ አብሰንት ይላል፣ እኔም ጎጆዋን እሠራለሁ። ዘጠኝ ኤ ሲሞላባት ከትምህርት ቤት ስንመለስ አስታ ቁጥቋጦው መሐል ያዘችኝ።

«አንድ ብቻ ነው የቀረኝ» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ራሴ አይደለሁ የምጽፈው።»

«ብዘገይ ትጠብቂኛለሽ?»

«ቀድመሽ ነዪ።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ብዘገይ ነው ያልኩሽ።»

መንገዴን ቀጠልኩ። ለራሴ ያላደረግኩትን እንዴት ለእሷ አደርጋለሁ ብዬ እያሰብኩ ነበር፤ ይህን ሳስብም ልቤ ውስጥ አንድ ዓይነት ኩራት ነበር። አሁን ሳስበው ኩራቱ ትዝ ይለኛል፤ የእሷ ፊት ግን ምን ይመስል እንደነበር አላስታውስም። ወደፊት እያየሁ ነበር የምሄደው።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ሳትቀር፣ አንዳንዴም ከሁላችን ቀድማ ስትመጣ ቆየች። ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። ሜዳው በአመዳይ ነጥቷል፤ በጎቹ እንኳ ከበረት ለመውጣት ያመነታሉ። ቸርኬው ተመታ፤ ስም መጥራት ጀመርኩ። ስሟ ጋ ስደርስ ነጩ አጎዛ ላይ ማንም አልነበረም። አንድ ጊዜ ጠራኋት። በሩን አየሁ። ሁለተኛ መጥራት ደንብ አልነበረም። ክፍሉ «አብሰንት» አለ፤ እንደወትሮው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሳይሆን ዝቅ አድርጎ፤ ሁሉም ቁጥሩን ያውቅ ነበርና። ጻፍኩ። ቀጣዩን ስም ጠራሁ፣ ቀጣዩን፣ ቀጣዩን፤ የመጨረሻውን ጠርቼ ጠመኔውን ሳስቀምጥ በሩ ላይ ቆማ አየኋት።

ከታች እስከ ላይ ሮጣ ነው የመጣችው። እግሯ ባዶ፣ እስከ ጉልበቷ የረጠበ ሲሆን ከብርዱ የተነሣ እንፋሎት ያወጣ ነበር። በጣቶቿ መሐል የበግ ፀጉር ተሰክቷል። ባና ከሸማኔ እጅ ከወጣ በኋላ በሙቅ ውሃ እየነከሩ በእግር ይረግጡታል፤ ካልተረገጠ አይጠብቅም፣ ብርድ ያስገባል። ለዚህ ሥራ ጠንካራ እግር ይፈለጋል። ከንጋት ጀምሮ ስትረግጥ እንደቆየች ጠይቆ መረዳት አያስፈልግም ነበር።

ሰሌዳውን አየች። ከዚያ እኔን አየች።

«መምህር ገና አልገቡም» አለች።

«ስምሽ ተጠርቶ አልፏል።»

«ጠመኔ እኮ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ልመና አልነበረበትም፤ ያልገባኝን ነገር እንደምታስረዳኝ ነበር የምትናገረው። «በአውራ ጣትሽ ጠረግ ማድረግ ብቻ ነው።»

ሠላሳ ልጅ ያየኛል። በመስኮቱ ቀዳዳ ደግሞ ተረኞቹ ያዩኛል። የራሴ ኤ ትዝ አለችኝ፣ ያን ጊዜ የተጨበጨበልኝም። እኔ ለራሴ ያልጠረግኩትን ለጓደኛዬ ብጠርግ ነገ ማን ያምነኛል አልኩ በልቤ። አፌ ያለው ግን ሌላ ነው።

«ለራሴም ጽፌያለሁ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ እውነት ነው እንደማለት። ነጩ አጎዛ ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ እኩለ ቀን ድረስም ከእኛ ጋር ተማረች። የዚያን ቀን የተማርነው ማካፈል ነበር፤ እሷ ቀድማ ነው የሠራችው።

እኩለ ቀን ላይ መምህር አበራ መዝገባቸውን ይዘው መጡ። የእሷ ስም ጋ ሲደርሱ ብዕራቸውን አነሡ፤ በጣታቸው መዝገቡ ላይ ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ። ቀና ብለው እሷ የተቀመጠችበትን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

«አሥር ነው?» አሉኝ።

«አሥር ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ያ ጥያቄ ምን እንደነበር የገባኝ እናት ከሆንኩ በኋላ ነው። ሰውዬው በሩን ከፍተውልኝ ነበር፤ ደፉ ላይ ቆሜ ሳልገባ የቀረሁት ራሴ ነኝ። «አዎ መምህር» አልኩ። ማስመሪያ አስደግፈው ስሟ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። እታለማሁ አጎዛዋን ጠቀለለች። ከበሩ ስትወጣ ከውጪ የነበረች አንዲት ትንሽ ልጅ በብብቷ ሥር አጎዛ ይዛ ገባች። ድንጋዩ አልቀዘቀዘም ነበር።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ተዳረች። ሠርጓ ላይ ነበርኩ፤ በልቻለሁ፣ ጨፍሬያለሁም ይባላል። በበቅሎ ወደ መርሐቤቴ ስትወርድ ከኋላዋ የተጫነው ያ የረገጠችው ባና ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ወፍራም፣ ውሃ የማያስገባ። እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ዘለቅኩ፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለነበር ቀረሁ። እኔን አብሰንት ብሎ የጻፈብኝ የለም። መምህር አበራም ተቀይረው ሄዱ።

ያገኘኋት ልጆቼን ሁሉ ወልጄ፣ ጠጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ባሏ መሞቱን ሰማሁና ለለቅሶ ብዬ ወረድኩ። መርሐቤቴ ቆላው ሙቀት ነው፤ ነጠላዬ ሳይቀር ከብዶኝ ነበር። አላወቀችኝም ብዬ ስፈራ፣ ገና ከደጅ ስገባ በስሜ ጠራችኝ፤ ለቅሶተኛው እንዳይሰማ ዝቅ አድርጋ ነበር። «ፕረዘንት» አልኳት። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ሳቀች መሰለኝ።

ለቅሶተኛው ሲበተን ጓዳ ወስዳኝ ተቀመጥን። ስለ ልጆቿ ነገረችኝ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ወባው፤ ባልየው ክፉ እንዳልነበረ። እኔ ያን ጠዋት ላነሣ አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«እናቴ ከመሞቷ በፊት ነገረችኝ» አለች። «ያን ቀን ባናው አልቸኮለባትም ነበር። ሆን ብላ ነው ያቆየችኝ። እስኪበቃኝ እርገጪ እያለች ደወሉን እስክሰማ ያዘችኝ።»

«ለምን?»

«የአባቴን ቃል ራሷ ማፍረስ አትችልማ። ትምህርት ቤቱ ከሰረዘኝ ግን እሷ የለችበትም። ዘጠኙንም እሷ ነች የቆጠረችው።» ነጠላዋን ሰበሰብ አድርጋ ጨመረች። «ደርሼ ቢጠርጉልኝ ኖሮስ አልኳት። አትሰረዢም ብዬ አልሰጋሁም አለችኝ። ጠመኔ የምትይዘዋ ልጅ አትዋሽም፤ እሷን ተማምኜ ነው አለችኝ።»

ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ አለቀስኩ ይላል። እኔ አላለቀስኩም። ደረቴ ውስጥ ገብቼ የሚያመኝን ቦታ ብፈልገው አላገኘሁትም፤ ብርድ ላይ ብዙ የቆየ እግር እንደማይሰማው ያለ ነገር ነበር። እትዬ ባፈናን መርገም አልቻልኩም፤ የባላቸውን ቃል በቃሉ ጠብቀዋል፤ እኔም የመምህሩን ደንብ በቃሉ ጠብቄያለሁ። ሁለታችንም አላጠፋንም። ከሁለታችን መሐል ግን አንዲት ልጅ ወጥታ ሄዳለች፤ ማካፈል የምትችል ልጅ።

«ተቀየምሽኝ?» አልኳት።

አሰበችበት። በማሰቧ አከበርኳት፤ ቶሎ ብላ አይ ብትለኝ አላምናትም ነበር።

«መጀመሪያ ጊዜ ለልጆቼ ስም ሳወጣ ተቀይሜሽ ነበር» አለች። «በትምህርት ቤት ማንም ስማቸውን አይጠራም ብዬ። በኋላ ተጠሩ። በኋላ ረሳሁት።»

ስሄድ ያን ባና ከሣጥን አውጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። እንቢ ብል አልሰማችኝም። «እዚህ ቆላ ላይ ምን ሊያደርግልኝ፤ ሠላሳ ዓመት አጥፌ ማስቀመጥ ሆነብኝ። አንቺ ብርድ አገር ነሽ» አለችኝ። እስከ ዛሬ አልላላም፤ አንድ ክር አልተመዘዘም። በደንብ ነው የተረገጠው። ባለፈው እሑድ ሜሮን አንጥፋው የቤት ሥራዋን የምትሠራው እሱ ላይ ነበር። እታለማሁ ባናውን በሰጠችኝ በስድስተኛው ዓመት እንዳረፈች ሰምቻለሁ፤ መንገዱ ጎርፍ ወስዶት ስለነበር ለቅሶዋ አልደረስኩም።

«መጣ» አለች ሜሮን፣ ኔትወርኩን ማለቷ ነው። ከስልኳ እያነበበች ነገረችኝ። ቃሉ የእንግሊዞች የራሳቸው አይደለም፤ ከጥንት ሮማውያን ቋንቋ ተነሥቶ፣ በፈረንሳዮች በኩል ዞሮ ነው እነሱ ዘንድ የደረሰው። ከዚያ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ፣ ጓሳ ሣር የለበሰ ጣራ ሥር ገብቶ፣ የአባቴ አፍ ውስጥ ተቀመጠ። ብዙ የዞረ ነገር ነው። ሲፈቱት ሁለት ቁራጭ ይወጣዋል አለችኝ፤ አንዱ ራቅ ብሎ ማለት ነው፣ አንዱ መኖር።

«የለም ማለት አይደለም ታዲያ?» አልኳት።

«እንደዚህ ከሆነ… ርቆ አለ ነው የሚሆነው፣ እማማ።»

እሱን ያን ጊዜ ማንም አልነገረኝም። ቢነግሩኝም ያው እጽፈው ነበር።

የቀራት አነጋገሩን ማሳየት ነበር፤ ቃሉ የገባበት አንድ ዓረፍተ ነገር። ያምጡ አለችኝ፤ የእርስዎ ቃል ስለሆነ እርስዎ ይበሉ አለች። እታለማሁ አብሰንት ናት በይ አልኳት። ማን ናት አላለችኝም፤ በመጽሐፋቸው ውስጥ እንዳሉት ስሞች አንዱ መስሏት በእርሳስ፣ በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደል፣ በጥሩ እጅ ጻፈችው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ያቺ ጎጆ እዚያው ነበረች፤ ሁለት ግድግዳ፣ አንድ ማገር።

«ካልወደዱት ላጥፋው?» አለችኝ፣ ፊቴን አይታ መሆን አለበት።

እጄ ቀድሞኝ ሄደ። አውራ ጣቴን ወረቀቱ ላይ አድርጌ ከግራ ወደ ቀኝ ሳብኩት። እርሳስ በጣት አይጠፋም፤ የባትሪው ጥቁር ግን ቃሉን ስሙንም ጨምሮ ሸፈነው።

«እማማ፣ አበላሹት እኮ» አለች ሜሮን። ገጹን ገነጠለችና በሌላ ገጽ ላይ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ጻፈችው፤ ሰኞም ወስዳ አስረከበችው።

ያ ጥቁር በሳሙናም በአሸዋም ታሽቶ እስከ ማክሰኞ ከአውራ ጣቴ አልለቀቀም። በዚያ በውርጩ ቀን ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ አውራ ጣቴ ምንም ስላልጠረገ ንጹሕ ነበር፤ እናቴ ዓይታው ሊጡን አስነካችኝ።